የቅርጫው መደብና የምርምር ዕጣ

ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ ወደ መሐል ሜዳ ተነሣሁ። የመንግሥት የምርምር ገንዘብ እንዴት ይከፋፈል በሚለው ስብሰባ የገበሬ ወኪል ሆኜ ተጠርቼ ነው። እስካሁን የሚመርጡት ጥቂት ሊቃውንት ነበሩ፤ ላስተማሯቸው ያዳላሉ ተብለው ይታማሉ። አዲሱ ሐሳብ ማጣሪያውን ላለፉት ዕጣ ይጣል የሚል ነው። ልጄ ወይንሸት ውርጭ የሚችል ገብስ ለማግኘት ሁለት ዓመት ለፍታለች፤ ዘንድሮ ካልተሰጣት ሥራዋ ይቆማል። አልዋሽም፤ የሄድኩት ዕጣውን ተቃውሜ ለእርሷ ልሟገት ነው። ፊደል የቆጠርኩት ያለ መምህር በራሴ ልፋት ስለሆነ፣ የዕውቀት ነገር በዕጣ መወሰኑ ነውር መሰለኝ።

ጣርማ በር ላይ ጉም መንገዱን ዋጠው፤ ሾፌሩ መብራት አብርቶ በእግር እንደሚሄድ ሰው አዘገመ። ጓሳ ስንደርስ ብርዱ ጋቢዬን አልፎ ገባ።

ከሰዓት፣ መሐል ሜዳ

ያረፍኩት ወዳጄ ጌታነህ ቤት ነው። በዓለ ሃምሳ ነበርና ሰባት ጎረቤቶች በቅርጫ በሬ አርደዋል። ጌታነህ ከጉበቱም ከሽንጡም ለየመደቡ ሲያዳርስ፣ አንዷን ቁራጭ ሦስት ጊዜ ከመደብ መደብ አዛወራት። ከዚያ ሁሉም ምልክቱን ሰጠ፦ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ጭራሮ፣ አንዱ ቅጠል። ሲመደብ ያላየች ጎረቤት ተጠርታ ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ ጣለች።

«ይህን ያህል ከለፋህ የራስህን ለምን አትመርጥም?» አልኩት።

«ኧረ ጋሼ! እንደምመርጥ ካወቅሁማ ቢላዋዬም ያውቃል!»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔ አልሳቅሁም። ዕጣ የሰነፍ ዳኝነት ይመስለኝ ነበር። ለካ አስቀድሞ በጥንቃቄ ለመደበ ሰው ነው።

ዓርብ፣ ስብሰባው

ተነሥቼ «ከተወዳዳሪዎቹ አንዷ ልጄ ናት፤ ድምፅ አልሰጥም» አልኩ።

«ታዲያ ለምን መጡ?» አሉኝ ሰብሳቢው።

«ለእርሷ ላዳላ።»

 ከዚያ የቅርጫውን ነገር አጫወትኳቸው፦ ሊቃውንቱ ብቁውን ይለዩ፤ ከብቁዎቹ ማን ይውሰድ የሚለውን ዕጣው ይወስን። ሐሳቡ ለዘንድሮ ሙከራ ጸደቀና ዕጣው እዚያው ወጣ። ማጣሪያውን ካለፉት ዘጠኝ ተወዳዳሪዎች ሦስቱ ተጠሩ። ወይንሸት የለችበትም።

ቅዳሜ፣ ቤት

ገንዘቡን አለማግኘቷን ሰምታ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ማጣሪያውን ወደቅሁ?»

«አልፈሻል። ዕጣው ነው ያልወጣልሽ።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

ዕጣ ይጣል እንዳልኩ ነገርኳት።

«የሰው አባት ይሟገታል» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

 ትክክለኛ ፍርድ ዕጣው ላልወጣለት ሰው እንደማይጣፍጥ የተማርኩት ያን ጊዜ ነው። ደግሞም ዳኝነቴ ትክክል ስለሆነ አባትነቴ አልቀረም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ ማሳዬ ይዣት ሄድኩ። ዘሯ እንዳይጠፋባት እንድትዘራበት ብዬ ከላይ በኩል ያለውን ለሙን መሬት አሳየኋት። ዞር ዞር ብላ አየችና በእጇ ወደ ታች አመለከተች።

«እዚህ አይሆንም አባባ፤ ውርጭ የሚተኛበትን ይስጡኝ።»