እናቴ ያስቆመችው ሙከራ

እናቴ በዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት በጸሐፊነት ሠርታለች። ለጥናት የሚመጡትን ፈቃደኞች ተቀብላ የስምምነት ቅጹን የምታስፈርመውም እሷ ነበረች። ሌላው «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ብሎ የሚያልፈውን ወረቀት እሷ ፊደል በፊደል ታነባለች። «መሃል ላይ ትቼ እሄዳለሁ ቢሉ፣ ለምን የሚልዎት የለም» ትላቸዋለች። አስተማሪዎቹ «እሷ ጋ የገባ ሳይመረቅ አይወጣም» እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

አንድ ጠዋት አንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ከሙከራው ክፍል ፊታቸው ዐመድ መስሎ ወጡ።

«ምን ሆኑ አባባ?»

«ጭንቅላቴ አልቆለታል ልጄ። የማስታወስ ችሎታህ ከእኩዮችህ ሁሉ በታች ነው አሉኝ። ለባለቤቴ ምን ብዬ ልንገራት?»

ውጤቱ የውሸት ነበር። ጥናቱ፣ ሰው ወደቅህ ሲባል ቀጣዩን ፈተና እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴው የፈቀደው ግን ሰዎቹ ከክፍሉ ሳይወጡ እውነቱ እንዲነገራቸው ነበር። የፈቃዱን ደብዳቤ የተየበችው እናቴ ናት።

«እዚህ ይቀመጡ፣ እንዳይሄዱብኝ» ብላቸው ወደ ተመራማሪው ገባች።

«አሁን ከነገርናቸው ለሌሎቹ ያወራሉ፤ ጥናቴ ገደል ገባ ማለት ነው» አላት። «በወሩ መጨረሻ ለሁሉም እንጽፋለን።»

«እስከዚያ እኚህ ሰው እንቅልፍ ይጡ?»

«የአንቺ ሥራ ማስፈረም ነው።»

«እኮ! የፈረሙት እኔን አምነው ነው።»

እዚያው ቆማ ለኮሚቴው ሰብሳቢ ደወለች። ሰብሳቢዋ ደረጃውን ወርደው መጡና ሙከራውን አስቆሙት። ሾፌሩ እውነቱን ሲሰሙ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ቀጥሎ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብለው «ተመስገን» አሉ።

እናቴ ግን በዚህ አልበቃትም። ከእሳቸው በፊት ለተፈተኑት ለአሥራ አንዱም ስልክ እየደወለች፣ እውነቱን ራሱ እንዲነግራቸው ለተመራማሪው አቀበለችው። አንዷ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከሥራዋ ልትለቅ ማመልከቻ ጽፋ ነበር።

ማታ ነገሩን ስትነግረን «እማ፣ ቢያባርሩሽስ?» አልኳት።

«ያባርሩኛ!» አለች፣ ጫማዋን እያወለቀች።

አላባረሯትም። ተመራማሪው ሁለት ወር አኮረፋት፤ ከዚያ አዲስ የጥናት ሐሳቡን ይዞ መጥቶ «እስቲ ለኮሚቴው ሳልሰጠው እዪልኝ» አላት። በዓመቱ ኮሚቴው ራሱ በአባልነት ጠራት።

አንድ ቀን ቁልፍ ረስታ ላቀብላት ሄጄ፣ የኮሚቴው መሰብሰቢያ ክፍል በር ገርበብ ብሎ አየኋት። በፕሮፌሰሮች መሃል መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ «የሚፈተነው ሰው ድንገት ቢያለቅስ አጠገቡ ማን አለ?» ስትል፣ ሁሉም ጎንበስ ብለው መጻፍ ጀመሩ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ፣ የእኔ እናት ናት ብዬ የምነግረው ሰው ፈለግሁ።