ለሴሎች የተቋጠረ ስንቅ

ባለፈው ሳምንት ድሮ የሠራሁበትን ላቦራቶሪ ልጠይቅ ሄጄ ወጣቶቹ ሳቁብኝ። መደርደሪያው ላይ የኢንዛይም ብልቃጥ እንዲሁ በግልጥ ተቀምጦ ባይ «ኧረ በሞቴ፣ ይሄን ማቀዝቀዣ አስገቡት!» ብዬ ጮህኩ። አንዷ ትከሻዬን ይዛ አረጋጋችኝ። አዲሱ ዓይነት ነው አሉኝ፤ እንደ ድሮው ከእንስሳ ቆሽት የማይወጣ፣ በክፍል ሙቀት ለወራት የሚቆይ። የሠሩት ሰዎች የጅቡቲን ክፍል ሙቀት ያውቁት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ኤሲ አለ አሉኝ። ካርቲየ 6 ወዳለው ቤቴ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ እል ስለነበር፣ ባለታክሲው በመስታወቱ ደጋግሞ አየኝ።

ፈገግ ያሰኘኝ ነገር የሆነው በሃያዎቹ ዕድሜዬ ነው። አዲስ አበባ የላቦራቶሪ ሙያ ተምሬ ጅቡቲ ሥራ አገኘሁና ካርቲየ 1 በሚባል ሰፈር ከአንድ ሱቅ ጀርባ ጠባብ ክፍል ተከራየሁ። መሥሪያ ቤቴ ባሕር ተሻግረው የሚሸጡ በጎችና ፍየሎች ጤነኛ መሆናቸውን የሚመረምር ትንሽ የግል ላቦራቶሪ ነበር። ቫይረስ ብቻውን አይራባም፤ የሚያድርበት ሕያው ሴል ይፈልጋል። ስለዚህ ለምርመራው እንዲሆኑን ከበግ ኩላሊት የወጡ ሴሎችን በጠፍጣፋ ጠርሙስ እያበላን እናሳድግ ነበር።

ሴሎቹ የሚያድጉት የጠርሙሱ ወለል ላይ ተጣብቀው ነው። ወለሉን ሲሞሉት ተላቀው በአዳዲስ ጠርሙሶች መከፋፈል አለባቸው፤ አለዚያ ተጨናንቀው ያልቃሉ። የሚያላቅቃቸው ትሪፕሲን የሚባል ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ነው። ሥጋ ስንበላ ሆዳችን ውስጥ የሚሠራው ያው እሱ ነው። ሴሎቹ የተጣበቁበትን ፕሮቲን ቆርጦ ይለቃቸዋል። ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነው፤ ብዙ ከቆየ ሴሎቹን ይጎዳል፣ መንገድ ላይ ከሞቀ ደግሞ ራሱን በራሱ በልቶ ያልቃል። እንዲህ ያለው አመለኛ ዕቃ ከአዲስ አበባ በበረዶ ሳጥን፣ በጭነት መኪና ነበር የሚመጣልን።

በዚያው ሰሞን ባልደረባዬ ዕረፍት ወጥቶ ሐጂ ዑመር ያግዙኝ ጀመር። ሐጂ ጠርሙስ አጣቢያችን ናቸው። በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ባቡር ላይ ሠርተዋልና አማርኛቸው ከእኔ ይጣፍጣል። ሰው ሳያበሉ አያሳልፉም፤ ለዘበኛው ሳምቡሳ፣ ለጎረቤት ልጆች ተምር፣ ለግቢው ድመት የዓሣ ጭንቅላት ከኪሳቸው አይጠፋም። (የድመቷ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው፤ ቢሆንም ኪሳቸው ይሸታል።) መጀመሪያ ቀን ምን እንደምንሠራ ሲጠይቁኝ፣ «ሐጂ፣ ሴሎቹ ቤት ጠቧቸዋል፣ ዛሬ ወደ አዲስ ቤት ይሄዳሉ። መንገደኞች ናቸው ማለት ነው» አልኳቸው። በጣም ገባቸው።

የዚያን ዕለት ደመቀ የሚባል ወጣት ሹፌር ያመጣልንን አዲስ ብልቃጥ ከፈትን። ሴሎቹን አጠብኩ፣ ኢንዛይሙን አፈሰስኩ፣ ጠበቅሁ። ንቅንቅ አላሉም። በማግስቱም እንዲሁ። ጠርሙሶቹ ጢም ብለው ሞልተዋል፤ ያን ቀን ካልተላቀቁ የወራት ልፋታችን ገደል ሊገባ ነው።

የላቦራቶሪው ባለቤት ዶክተር ሳፊያ ፈረንሳይ የተማረች፣ አንቱታ የማትወድ፣ ለፍርድ የምትቸኩል የጅቡቲ ልጅ ነበረች። «ሹፌሩ በረዶውን አቅልጦታል» አለች። የጭነት ወኪሉ ጋ ደውላ ለደመቀ ሁለተኛ ዕቃ እንዳይሰጠው ልታደርግ ስልኩን አነሳች። እግር ጥሎት ደመቀ ባዶ ሳጥኑን ሊወስድ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ምን እንደተባለ ስተረጉምለት ፊቱ ተለዋወጠ።

«እህቴ፣ ንገሪልኝ» አለኝ። «አዋሽ በረዶ ጨምሬያለሁ፣ ሎግያ ጨምሬያለሁ፣ ጋላፊ ጨምሬያለሁ። እኔ ሙቅ ውሃ እየጠጣሁ ሳጥኑን ጋቢና ከጎኔ አስቀምጬ እንደ ሙሽራ ነው ያመጣሁት። ስንት ዓመት ረዳት ሆኜ ዘንድሮ ነው መሪ የያዝኩት። ይህ ስልክ ከተደወለ ባለመኪናው ቁልፉን ይቀበለኛል።»

አመንኩት፤ ለምን እንዳመንኩት ግን ማስረዳት አልችልም ነበር። በዚህ መሀል አንድ አስተማሪያችን ያሳየን ዘዴ ትዝ አለኝ። የፎቶ ፊልም ሥዕሉን የሚይዘው ጄላቲን በሚባል ስስ ፕሮቲን ነው። ኢንዛይሙ ሕያው ከሆነ ያንን ይበላዋል፣ ሥዕሉ ጠፍቶ ላስቲኩ ብቻ ይቀራል። ከሞተ ምንም አይሆንም። «ሳፊያ፣ እስከ ምሳ ብቻ ታገሺኝ» ብዬ ለመንኳት። ስልኩን አስቀመጠች፤ እጇን ግን ከላዩ አላነሳችም።

አሁን ፊልም ከየት ይምጣ? ደመቀ የኪስ ቦርሳውን ፈታትሾ አንድ ቁራጭ ነጌቲቭ አወጣ። ለመንጃ ፈቃድ የተነሳው ጉርድ ፎቶ ነው፤ ጎን ለጎን የተደረደሩ ደመቀዎች፣ ፀጉራቸው ሽበት፣ ነጭ ሸሚዛቸው ከሰል።

«ሌላ ጊዜ ላሳጥብበት ነበር። ይሆናል?»

«ፊትህ ሊጠፋ ይችላል» አልኩት።

«ስሜ ከሚጠፋ ፊቴ ይጥፋ።»

አንዱ ደመቀ ላይ የኢንዛይሙን ጠብታ፣ ሌላው ላይ ውሃ አኖርኩ። ማሞቂያ እንኳ አላስፈለገንም፤ ሰኔ ነው፣ ካምሲን የሚሉት ነፋስ እንደ ምድጃ ወላፈን በመስኮት ይገባል። ሐጂ ሻይ አመጡ። ደመቀ ብርጭቆውን ይዞ ሳይጠጣ አቀዘቀዘው። ሌሎቻችን ሻዩን ጠጥተን ስንጨርስ ፊልሙን በውሃ አለቀለቅኩትና ወደ መስኮቱ አነሳሁት። ውሃ የነካው ደመቀ እንዳለ አለ። ኢንዛይሙ የነካው ግን ጆሮውና ሸሚዙ ተርፈው በፊቱ ቦታ ጥርት ያለ ክብ ብቻ፤ በዚያ ውስጥ የወደቡ ክሬን ይታየኛል።

«ፊቴን በላው! እሰይ! ፊቴን በላው!» ብሎ ደመቀ ዘለለ። ፊቱ ሲጠፋ እንዲያ የተደሰተ ሰው በሕይወቴ አላየሁም። ሳፊያ ፊልሙን ተቀብላ አገላብጣ አየችው፣ ስልኩን ወደ ጥግ ገፋችው፣ ቀጥላም በአማርኛ፣ የምታውቀው ቃል ትንሽ ቢሆንም፣ «ይቅርታ፣ ወንድሜ» አለችው።

እንግዲያ ሴሎቹ ምን ነክቷቸው ነው? ወዲያው እንደገና ጀመርኩ። ደመቀ ይህን ሳላይ አልሄድም ብሎ ከክፍሉ የመስታወት ግድግዳ ማዶ ቆመ። ሴሎቹን አጠብኩ፣ ኢንዛይሙን አፈሰስኩ፣ ደቂቃ ልይዝ ወደ ሰዓቱ ዞርኩ።

«ሐጂ፣ ያ የጨመሩት ቢጫ ነገር ምንድነው?» አለ ደመቀ ከማዶ።

«ስንቅ ነው» አሉ ሐጂ ተረጋግተው። «ሰው ባዶ ሆዱን መንገድ ይወጣል እንዴ?»

እጃቸው ላይ የሴረም ጠርሙስ ነበር፤ ከጥጃ ደም የሚወጣው የሴሎቹ ምግብ። ይኸው ምግብ ኢንዛይሙን አስሮ ሥራውን የሚያስቆም ነገር አለው። ሥራው ሲያበቃ እኛው ራሳችን ኢንዛይሙን የምናስቆመው በእሱ ነው። ሐጂ ደግሞ መንገደኞቹ ሳይነሱ፣ ገና በራፍ ላይ ሳሉ፣ እኔ በዞርኩ ቁጥር ሞቅ አድርገው ያጎርሷቸው ነበር።

ነገሩን ስነግራቸው ጠርሙሱን አስቀመጡ። «ወላሂ፣ እኔ በስንቅ የዚህን ልጅ እንጀራ ልቆርጥ?» አሉና ወጥተው ደመቀን አቀፉት። እሱ እየሳቀ ነው፤ ሐጂ ግን ይቅር በለኝ ማለታቸውን አላቆሙም።

«ታዲያ ተርበው ይሂዱ?» አሉኝ ሲመለሱ።

«አይደለም ሐጂ። ሲደርሱ ያብሏቸው። ያኔ እንደልብዎ።»

ፊታቸው በራ። ሌላ ጠርሙስ አንስቼ ያለ ስንቅ ሠራሁት። ጥቂት ቆይቶ ዘንበል ሳደርገው ሴሎቹ እንደ ወተት ስልባቦት ተላጠው ወረዱ። በማይክሮስኮፕ ድብልብል ብለው ሲንሳፈፉ ሳይ እንባዬ መጣ። ሐጂ ቢስሚላህ ብለው በአዳዲሶቹ ጠርሙሶች ምግቡን አፈሰሱላቸው። የቀኑ ጫት ገብቶ ከተማው ሁሉ ለመቃም ወደ ቤቱ ሲጣደፍ እኛ የየመኖች ዓሣ ቤት ተቀምጠን፣ ለሁለት ተሰንጥቆ የተጠበሰ ዓሣ በትኩስ ቂጣ እየቆረስን በላን። ሳፊያ ጋበዘች። ሐጂ እሾሁን ለቀም ለቀም እያደረጉ ሥጋውን ሁሉ ወደ ደመቀ ይገፉት ነበር።

ደመቀ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ሳጥናችንን ለሌላ ሹፌር አሳልፎ አልሰጠም። ሐጂ አርፈዋል፤ አላህ ይርሐማቸው። እኔ ዛሬም ሳስበው የሚገርመኝ፣ ተምረናል የምንለው ሁላችን ጥፋቱን ፍለጋ መጀመሪያ የሄድነው ወደ መንገዱና ወደ ሹፌሩ መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥም ይሁን ከልጆቼ ጋር አንድ ነገር አልሆን ሲለኝ፣ የሩቁን ሰው ከመክሰሴ በፊት፣ ከአጠገቤ ማን ደግነት እንደሠራ አጣራለሁ።