ወድጄ የሰማሁት ጩኸት

ክፍሉን መጀመሪያ ሳየው ሰዎቹን አላየሁም፤ ያየሁት እግር ነው። በሩ ሲከፈት ወለሉ ሁሉ እግር ነበር። ሺህ እግር ብል አላጋነንኩም፤ ባጋንንም ትንሽ ነው። ከበሩ አጠገብ ቢጫ የውሃ ጄሪካን፣ ከጄሪካኑ ቀጥሎ የሽንት ባልዲ፣ ከባልዲው ቀጥሎ ደግሞ አንድ ሰው በጎኑ ብቻ የሚተኛባት ቦታ። አዲስ ገቢ የሚተኛው እዚያ ነው። ቀበቶዬን ስለወሰዱብኝ ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ፣ በሌላው ሰላምታ ሰጠሁ። በኦሮምኛ «አካም ኦልተን» አልኩና «ጤና ይስጥልኝ» ጨመርኩበት፤ ማን በየትኛው እንደሚቀየም አይታወቅም።

የተያዝኩት አምቦ ከሱቄ ነው። ሬዲዮና ቴፕ እጠግናለሁ፤ ጎን ለጎን ሚሞሪ ላይ ዘፈን እጭናለሁ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሰሞን ነበር። ኢንተርኔት የለም፤ ፈታሾች በየሱቁ እየገቡ ፍላሽ ይለቅማሉ። ከእኔ የሰርግ ዘፈኑን፣ የኦርቶዶክሱንም የጴንጤውንም መዝሙር፣ ስለ ከብት በሽታ የሚያስተምር ቪዲዮ ሳይቀር ወሰዱ። በዚያ ሁሉ የጠየቀኝ የለም። ያሳሰረኝ አንድ አልበም ነው።

ቴክኒካል ዴዝ ሜታል የሚባል የፈረንጅ ሙዚቃ ነው። ላልለመደው ጆሮ አንድ ገልባጭ መኪና ሙሉ ጠጠር ቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲራገፍ፣ ከሥር ደግሞ አንድ በሬ ሲያማርር ይመስላል።

መርማሪው በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ሸሚዙን በደንብ የሚተኩስ ሰው ነበር። አልደበደበኝም፤ ይህ ይጻፍለት። ያደረገው ግን አልበሙን ከዳር እስከ ዳር ከኮምፒውተሩ ጋር በተገናኘች፣ የክብሪት ቀፎ በምታክል ስፒከር ማስደመጥ ነው። በእንዲህ ያለ ስፒከር ሰምተው ባይወዱት አይፈረድብዎትም፣ ከሥር ያለው ድምፅ ጨርሶ ጠፍቷል ብዬ የሙያ አስተያየት ሰጠሁ። ከዚያ እስከ መጨረሻው ንቅንቅ ያላለባትን አስተሳሰቡን ነገረኝ።

«ስማ። ጤነኛ ሰው ይሄን ወዶ አይሰማም። ወዶ ካልሰማው ደግሞ ለሥራ ነው የሚሰማው። መልእክቱ ምንድነው? ለማን ነው?»

መልእክት የለውም፣ ግጥሙ ለእኔም አይገባኝም አልኩት። ይህ ነገሩን አባሰው። ሳይገባህ እንዴት ወደድከው ይላል። እንግዲህ ወገኖቼ፣ ሰው ስለ ስርቆት ይጠየቃል፣ ስለ ጥይት ይጠየቃል፤ እኔ በእጄ ሱሪዬን ይዤ ስለ ጣዕም ተጠየቅሁ።

አስረዳሁ። ሬዲዮ ጀርባው ሲከፈት የሚታየው የሽቦ ጥልፍልፍ ነው፤ ባለቤቱ ያይና «በቃ፣ አበቃለት» ይላል። እኔ አንዷን ሽቦ በዓይኔ ይዤ እሄዳለሁ፤ የምትደርስበት ቦታ አላት። ሌላዋም አላት። ይህም ሙዚቃ እንደዚያው ነው። መጀመሪያ ጩኸት ነው። ሲደጋግሙት አንዱን ጊታር ጆሮ ይይዘዋል፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን። ከበሮ መቺው በሁለት እግሩ የልብስ ስፌት መኪና የሚረግጥ ይመስል ይሮጣል። ምቱ ሰባት ላይ ይሰበራል፣ ደግሞ አምስት ይሆናል፤ አሁንስ ተበታተኑ ሲባል ሁሉም አንዲት ነጥብ ላይ እኩል ቀጥ ይላሉ። በቅዳሜ ገበያ የአምቦ ባጃጆች በሙሉ አንዲት መታጠፊያ ላይ በአንዴ ገብተው ሳይነካኩ ቢያልፉ ማለት ነው። ይህን ያየ ሰው ቆሞ አያጨበጭብም?

«እሺ፣ ሰውየው ለምን ያጓራል?»

«ተናዶ ነው፣ አለቃ።»

«በማን?»

አያችሁ እንግዲህ። «በማንም አይደለም። በአጠቃላይ ነው» አልኩት።

«በአጠቃላይ» ብሎ ጻፈ። ብዕሩን አነሳና፣ «መንግሥትም ይጨምራል?» አለኝ።

ያልነገርኩት አንድ ነገር ነበር። ያን ሰሞን ያልተናደደ ሰው አልነበረም፤ እኔም፣ ደንበኛዬም፣ ምናልባት እሱም። ልክ ያለው ንዴት የሰማሁት እዚያ አልበም ላይ ብቻ ነው። አንዲት ምት እንኳ አያዛንፍም። ሰምቼ ስጨርስ ቤቴ ገብቼ በሰላም ራት እበላ ነበር። ይህን ብነግረው ለንዴቴ ሌላ መዝገብ ይከፍትልኝ ነበር።

ክፍላችን ደግሞ የራሱ ችሎት ነበረው። ካቦው፣ እስረኛው የመረጠው የክፍሉ አለቃ ማለት ነው፣ እንጭኒ ላይ እህል የሚነግድ ሰፊ ሰው ነው። አዲስ ገቢ በሁሉም ፊት ጉዳዩን ያቀርባል፤ ካቦው ይፈታሃል ወይም ትቆያለህ ብሎ ይተነብያል። የእኔን ሰማና ትንበያ ከለከለኝ። ኤግዚቢቱ፣ ማለትም ዘፈኑ፣ ሳይታይ አልፈርድም አለ። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ፣ ከምሳ በኋላ፣ ባዶውን ጄሪካን ገልብጬ ከበሮ አድርጌ አቀረብኩ። ሁለት መዳፌ ለከበሮ መቺው ሁለት እግሮች፣ ጉልበቴ ለቀረው፣ ጉሮሮዬ ለዘፋኙ።

ክፍሉ ውስጥ አንድ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ነበር፤ ጴንጤ፣ ጨዋ፣ እዚያ ትርምስ ውስጥ ልብሱን አጣጥፎ የሚተኛ። የእኔ ጉዳይ ሲቀርብ ተኝቶ ነበር። በማጓራቴ ነቃ፣ ዘለለ፣ ግንባሬን ያዘ፤ በኢየሱስ ስም ውጣ ማለት ጀመረ። እኔ የምቱ መሀል ላይ ነኝ፣ ማቆም አልችልም። እሱ ሲጮህ እኔም አባስኩት። ሰዉ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ለእሱ ይሁን ለእኔ እስከ ዛሬ አልለየሁም። ጠባቂው በሩን ሲከፍት ዘፈኑ አልቆ ፀጥ ብያለሁ፣ የጤናው ሰውም ላቡን እየጠረገ፣ «ለቆታል» አለ።

በማግስቱ መርማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብሎ ጠበቀኝ። መቀመጫ ሰጠኝ። ጠባቂው ያየውን ነግሮት የጭንቅላቱ ቋጠሮ ተፈትቶለታል፤ ጤነኛ ሰው ወዶ አይሰማውም፣ ይኸው ጤነኛ አልነበረም። የተዘጋጀውን ቃል አነበበልኝ፤ ሙዚቃውን የሰማሁት ሕመም አስገድዶኝ እንጂ ወድጄ እንዳልሆነ፣ አሁን ግን እንደዳንኩ። ፈርምና ዛሬ ቤትህ ግባ አለኝ። ሚስትህም በር ላይ ናት ሲል ጨመረ።

እውነቱን ነው፣ በር ላይ ነበረች። ምሳ ስታቀብል፣ የሚሉትን ፈርሞ ይምጣ በሉልኝ ብላ ለጠባቂው ነግራዋለች። ሱቁ ተዘግቷል፣ የቤት ኪራዩ አይዘጋም። ብዕሩን ያዝኩ። ቀልድ ፈለግሁ፤ እኔ፣ በቀብር ላይ እንኳ የማላጣው ሰውዬ፣ አንዲት እንኳ አጣሁ። ወረቀቱን አየሁት። ስለ ሌላ ሰው አንዲት ቃል የለችበትም። ማንንም አይጎዳም፣ ከእኔ በቀር።

«አልፈርምም፣ አለቃ» አልኩ። «ወድጄ ነው የሰማሁት።»

«ለዚህ ኮተት ብለህ?»

«ኮተትም ከሆነ ወድጄዋለሁ።»

ከዚያ ወረቀቱን ለሁለት ቀደደውና፣ አምላክ ከእንዲህ ያለ እስረኛ ይሰውረኝ ብሎ ወደ ክፍሌ መለሰኝ።

ካቦው ወሬውን ሲሰማ ራሱን ያዘ። እህል ስነግድ ብዙ ሞኝ አይቻለሁ፣ በነፃ የሚታሰር ግን የመጀመሪያዬ ነህ እያለ ተንገበገበ። እኔ የፈራሁት የጤናውን ሰው ነበር፤ አልፈርምም ብዬ ፈውሱን የካድኩት እኔ ነኝ። እሱ ግን የተጣጠፈ ልብሱን አንስቶ ወደ ግድግዳው ተጠጋና፣ ከባልዲው ራቅ ያለች ቦታ ከጎኑ ለቀቀልኝ።

«እንግዲህ ካልወጣ፣» አለኝ፣ «አብረን እንኖራለና።»

አብረን ኖርን። አንድ ጠዋት ያለ ምንም ማብራሪያ ጠርተው በጅምላ ለቀቁን፤ የያዙንም እንደዚያው ነበር። ሚስቴ ለጥቂት ወራት አላናገረችኝም፤ ልክ ነበረች፣ እኔም አልተከራከርኩም።

አልበሙን ኢንተርኔት ሲመለስ እንደገና አገኘሁት። ዛሬም ማታ ማታ ሱቅ ስዘጋ እሰማዋለሁ። እውነቱን ለመናገር አምስተኛው ዘፈን ደስ አይልም። ይንዛዛል፤ ጊታሩም እዚያ ላይ ዝም ብሎ ይፎክራል። ድሮ ደርሶ ሳይጀምር እዘለው ነበር። አሁን እስከ መጨረሻው እሰማዋለሁ፤ ለእሱም ጭምር ነው የታሰርኩት።