አሥራ ዘጠኝ ዓመት የፈጀ ብየዳ

ብቸና ውስጥ «ነገ» ማለትን እንደ ደምለው የተካነበት ሰው የለም። ደምለው አንጥረኛ ነው፤ መስቀል ይቀርጻል፣ ጉትቻ ያሳምራል፣ የተሰበረ ቀለበት ይበይዳል። በእጁ ሥራ የሚያማው የለም፤ የሚታማው በቀጠሮው ነው። ደንበኛ ከበሩ ሲደርስ ወናፉን ፈጠን ፈጠን አድርጎ እያናፋ «አልቋል በለው፣ ነገ ብቅ በል» ይላል። በነጋታው የመጣውንም እንዲሁ። የከተማው ሰው ከመልመዱ የተነሣ ለፋሲካ የሚፈልገውን የአንገት መስቀል ገና በመስከረም ያዝዛል።

ከዚህ ሁሉ ቀጠሮ ግን አንዱ የጉድ ነበር። በ1991 ዓ.ም. ታላቅ እህቱ ታንጉት ከሞጣ መጥታ የእናታቸውን የአንገት ድሪ ሰጠችው። ድሪው አምስት ጠገራ ብር ነበረው፣ አምስቱም ያች መሸፈኛ የደፋች የባዕድ አገር ሴት ምስል ያለባቸው ማሪያ ትሬዛዎች። የመካከለኛዋ ማንጠልጠያ ጆሮ ተገንጥሏል። ደምለው ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አያትና፣ «አራቱን ይዘሽ ሂጂ እታለም፤ ይችን ነገ በይጄ እልክልሻለሁ» አላት።

በዚያው ሳምንት አንድ የድሮ ዕቃ ሰብሳቢ ነጋዴ በብቸና አለፈ። በዚያው ሳምንት ደግሞ ደምለው ባለ ሁለት ድምፅ ማጉያ ቴፕ ሱቅ ውስጥ አይቶ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ጠገራዋን ሸጠና ቴፑን ገዛ። በልቡ «ምን ችግር አለ፣ ሌላ ማሪያ ትሬዛ ገዝቼ እተካለሁ» ብሎ ነበር፤ ሁሉም የአንድ ዘመን፣ ሁሉም የአንድ ሴት መልክ አይደሉ? ቴፑ ዓመት ሳይሞላው ካሴት መብላት ጀመረ። ያን ጊዜ ነው የረሳውን ነገር ያስታወሰ።

ያች ጠገራ የምስማር ጠባሳ አለባት። ደምለው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ፣ ለሚወዳት ጥጃ አንገት ጌጥ ሊያደርግላት ብሎ ከእናቱ ድሪ ላይ አንዷን ፈቶ በምስማር ሊበሳት ሞክሮ ነበር። ከሴትየዋ መሸፈኛ በስተኋላ አንድ ጐድጓዳ ነጥብ ቀረ። እናቱ አለንጋ ሲያነሡ ታንጉት መሐል ገብታ ሁለት ግርፊያ በጀርባዋ ተቀበለችለት። ያችን ነጥብ እሷ ልትረሳት አትችልም።

እናም «ነገ» ሥራ ላይ ዋለ። በየበዓሉ ታንጉት ትደውላለች። «ደምለው፣ ጆሮዋ ተበየደ?» ትላለች። «ነገ እታለም፣ ነገ!» ይላል። እሷ አጠር አድርጋ ትስቅና ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ ትጠይቀዋለች። ታንጉት ማር ነጋዴ ናት፤ ከገበሬ ጋር ስትከራከር ሞጣ ገበያ የሚቆምላት ሴት፣ ለወንድሟ ሲሆን ለምን እንዲህ እንደምትለሰልስ እሱ አንድም ቀን አላሰበበትም።

ዓመታት አለፉ፤ ስልክም ዘመናዊ ሆነ። የታንጉት ልጅ ሳባ አንድ ክረምት ብቸና መጥታ በአጎቷ ስልክ ላይ ቴሌግራም ጫነችለትና፣ የድሮ ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎች ጨረታ የሚያካሂዱበት ቡድን ውስጥ አስገባችው። ሻጩ ፎቶ ይለጥፋል፣ መነሻ ዋጋና የመዝጊያ ሰዓት ይጽፋል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ከፍተኛውን የጻፈ ይወስዳል። ደምለው ስሙን በብረት መቀጥቀጫው «መስፍ» ብሎ አስገባና ተዘፈቀበት። በወጣትነቱ ስንቱን ጠገራ አቅልጦ ጉትቻ እንዳደረገው ሲያስብ ይቆጨው ስለነበር፣ አሁን እየገዛ ማስቀመጥ ጀመረ።

በጨረታ ላይ ሌላ ሰው ነው፤ ጥንቁቅ። በሴትየዋ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ አጉልቶ ዕንቁዎቹን ይቆጥራል፣ ዘጠኝ ካልሞሉ ጥሎ ያልፋል። የብሩን ክብደት በወቅቱ የግራም ዋጋ አባዝቶ፣ ለመልኳ ጥቂት ጨምሮ እዚያ ላይ ያቆማል። ሰው በእልህ ሲጨምር እያየ ይስቃል። ከሁሉም በላይ ግን የሚያምነው ጆሮውን ነው። እውነተኛ ብር በድንጋይ ላይ ሲወድቅ ረዘም አድርጎ ይዘምራል፤ የተቀላቀለው ደንቆሮ ድምፅ አለው። ስለዚህ «ጠገራዋን ለስላሳ ድንጋይ ላይ ጥላችሁ ድምፅዋን ቅዱና ላኩልኝ» እያለ ሻጮችን ያስቸግር ጀመር። መጀመሪያ ሳቁበት፤ በኋላ ቡድኑ በሙሉ ልማድ አደረገው። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ሐሰተኛ አልገዛም፣ ከስድስት መቶ ብር በላይም ለአንዲት ጠገራ አልከፈለም። ይህንንም ላገኘው ሁሉ ይናገር ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ታንጉት ደወለች።

«ሳባን ጥር አሥራ ሦስት ልድራት ነው» አለችው። «የእማማን ድሪ ታጠልቃለች። ጎደሎ ድሪ በሙሽራ አንገት አላስርም። ጠገራዋን ይዘህ ና። ካልያዝህ ደግሞ፣ ዘመድ ተሰብስቦ አምስተኛዋ የት ገባች ሲል አንተው ተነሥተህ ትነግራቸዋለህ።»

ያን ዕለት ሳቋ አልተሰማም። ደምለው ፈራ። የሚፈራው የዘመዱን ወሬ ብቻ አልነበረም፤ እህቱን ይወዳታል፣ በእሷ ዓይን ሌባ ሆኖ መታየቱን ማሰብ አልቻለም። እናም እውነቱን መናገር ሲገባው፣ ሁለት ጠገራ ከሣጥኑ አውጥቶ ምስማር አነሣ። የአንዷን ነጥብ ከመጠን በላይ አጠለቀው፤ የሁለተኛዋ ትኩስ ቁስል መሰለ። የአርባ ዓመት ጠባሳ በአንድ ከሰዓት አይሠራም። ሁለቱንም አበላሽቶ ተቀመጠ።

ኅዳር ሲጋመስ፣ ቡድኑ ውስጥ አንድ አዲስ ሻጭ ፎቶ ለጠፈ። ደምለው ሥዕሏን አጎላ። ዕንቁዎቹ ዘጠኝ ናቸው። ጆሮዋ ተገንጥሏል። ከመሸፈኛው በስተኋላ ያች ነጥብ ቁጭ ብላለች።

ወናፉን ጥሎ ተነሣና በቁሙ ተሳለ፤ ለጊዮርጊስ ትልቅ ጥላ። ከዚያ ግን የድሮ ጠባዩ መጣበት። ተአምርም ቢሆን በተገቢ ዋጋ መገዛት አለበት! ግድ እንደሌለው ሰው ሆኖ «ድምፅዋን አሰሙኝ» ብሎ ጻፈ።

የድምፁ ቅጂ በመጣ ጊዜ ሱቁ ውስጥ ኔትወርክ አልነበረም። ብቸና ላይ ኔትወርክ ደህና የሚሆነው ከመናኸሪያው አጥር ሥር ነው፤ እዚያ ሄዶ ረዳቶች «ሞጣ! ሞጣ! አንድ ሰው!» እያሉ በሚጮኹበት መካከል ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ አሥራ አንድ ጊዜ ሰማው። ጠገራዋ ድንጋዩን ነክታ ዘመረች። ዓይኑ እንባ አቀረረ። እናቱ ለቤተ ክርስቲያን ለብሰው ሲወጡ ድሪው የሚያሰማው ድምፅ ነበር።

ጨረታው የሚዘጋው ሐሙስ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ነው። ደምለው ከሰባት ሰዓት ጀምሮ አጥሩ ሥር ተገኘ። በመጀመሪያ፣ በሚስቱ ስልክ በከፈተው ሌላ ስም ገብቶ ጠገራዋን አጣጣላት። «በመጥፎ እጅ ተበስታለች፣ ጆሮዋም ተገንጥሏል፣ ይህች ለማቅለጫ ነው» ብሎ ጻፈ። የበሳው እጅ የራሱ መሆኑ ትንሽ ቅር ቢያሰኘውም ዘዴው ሠራ፤ ተጫራቾች አንድ በአንድ ወጡ። አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ስሙን «አልሸነፍም» ብሎ የሰየመ።

ደምለው አራት መቶ አለ። አልሸነፍም አምስት መቶ። ደምለው ስድስት መቶ ብሎ ወሰኑ ላይ ደረሰ። አልሸነፍም «ብትበሳም እወዳታለሁ፣ ዘጠኝ መቶ» አለ።

«እንዴት ያለ ጅል ነው!» ብሎ ጮኸ ደምለው፤ አንድ የአውቶቡስ ረዳት ዞር ብሎ አየው። በሌላ ቀን ቢሆን ስልኩን ኪሱ ከትቶ እየሳቀ ይሄድ ነበር። አሁን ግን በዓይኑ የምትታየው ታንጉት ናት። አንድ ሺህ አለ። አንድ ሺህ አምስት መቶ ተባለ። ሁለት ሺህ ጻፈ። ለስምንት ሰዓት አንድ ደቂቃ ሲቀር አልሸነፍም ሁለት ሺህ ሁለት መቶ አለ፤ ደምለውም ያን ሁሉ የግራም ስሌቱን ረግሞ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አለ። ከዚያ በኋላ የጻፈ የለም።

ገንዘቡን ዘመነ በሚባል ሰው የባንክ ሒሳብ አስገባ። በማግሥቱ ከባሕር ዳር የመጣ አውቶቡስ ጠገራዋን በፖስታ አደረሰለት፤ ያንኑ ቀን፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጠሮ ሳይሰጥ፣ ጆሮዋን በየዳት።

የሠርጉ ዋዜማ ሞጣ ደረሰ። ታንጉት ቤት ውስጥ ጥቂት ዘመድ ብቻ ነበር። ደምለው ጠገራዋን ከነጭ ጨርቅ ፈትቶ በሁለት እጁ ሰጣት።

«ይኸው እታለም። ብየዳ ችኩል አይወድም።»

ታንጉት ነጥቧን በአውራ ጣቷ ዳሰሰቻት። «እስከ ዛሬ የት ነበረች?» አለችው።

«ሣጥኔ ውስጥ! በዚህችው ጨርቅ ተጠቅልላ።»

«አንድ ቀን እንኳ ከእጅህ አልወጣችም?»

«አንድም ቀን!»

«ሳባ፣» አለች ታንጉት፣ «እስቲ ለአጎትሽ ያንን አሰሚው።»

ሳባ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አደረገች። ጠገራዋ ድንጋዩን ነክታ ዘመረች፤ ደምለው በልቡ ያጠናው ያው ድምፅ። ነገር ግን መናኸሪያ በሌለበት ቤት ውስጥ፣ ከዘፈኗ ጀርባ፣ አንዲት ሴት ዝግ ብላ ስታወራ ተሰማች። «ቅጂው፣ አትፍሪ። እሱ ጠገራ እያዳመጠ ሰው አይሰማም።» ድምፁ የታንጉት ነበር።

ደምለው ስልኩን አፍጥጦ አየው። አሥራ አንድ ጊዜ ሰምቷት አንድም ጊዜ አልሰማትም። ዙሪያውን ሲያይ፣ ከሳባ ጎን የቆመው ረጅም ወጣት ሳቁን ሊያፍን እየታገለ ነው።

«ዘመነ ይባላል፣ ሙሽራው ነው» አለች ታንጉት። «የሙሽራውን ስም ጠይቀህ ቢሆን ኖሮ ባንክ ቤት ሳለህ በነቃህ። ሻጩም አልሸነፍምም እሱ ነው።»

«ጋሼ፣ ስድስት መቶ ላይ ላቆም ብዬ ነበር» አለ ዘመነ። «እማማ ታንጉት ናቸው ጨምር ያሉኝ።»

«ከሸጥሃት በአሥራ አምስተኛው ቀን እኮ ሞጣ ገበያ ላይ አገኘኋት» አለች ታንጉት። አሁን አትስቅም። «ሁለት በግ ሸጬ ገዛኋት። የተናደድሁት በመሸጥህ እንዳይመስልህ፣ ቸግሮህ ይሆናል ብዬ ነበር። ነገ ይነግረኛል አልሁ። ፋሲካ መጣ፣ ነገ ይነግረኛል አልሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እኔም ነገ ስል ኖርሁ።»

ደምለው አፈረ። ከልቡ አፈረ። ውሸት ፈልጎ አፉን ከፈተ፤ አንድም አልመጣለትም።

«ሸጥኋት እታለም» አለ። «ቴፕ ገዛሁባት። ቴፑም አልረባ።»

ታንጉት ቴፕ የሚለውን ስትሰማ መጀመሪያ ዓይኗ ፈጠጠ፤ ቀጥሎ ሳቅ ገፍቷት ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ቤቱ በሙሉ ተከትሏት ሳቀ። ጠገራዋን በድሪው መካከል ሰክታ ሳባን አንገቷን አስደፍታ አሰረችላት። አምስቱ ጠገራዎች እርስ በርሳቸው ሲነካኩ ደምለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚያ ዞር አለና፣ «ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ብሬስ?» አለ።

«ማር ተገዝቶበት ጠጅ ተጥሏል» አለች ታንጉት፤ ብርሌ ሞልታም በእጁ አስያዘችው። ደምለው ገንዘቡን እያጣጣመ እስከ ጭላጩ ጠጣው። እውነት ለመናገር ጥሩ ጠጅ ነበር።

«ይጨመርልህ ወይስ ነገ ልስጥህ?» አለችው እህቱ፣ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች።

«አሁን እታለም» አለ ደምለው፤ «አሁን።»