ካድሪ ቀትር ላይ የት ትሄዳለች?

ዴኦሊንዳ ሰው ማመን የማይሆንላት ልጅ ነበረች። ያደገችው ፋያል በምትባል የፖርቱጋል ደሴት፣ ወደቡ አጠገብ እናቷ በምታስተዳድረው ማረፊያ ቤት ነው። ውቅያኖሱን በጀልባ የሚያቋርጡ ሰዎች ጥቂት ቀን አርፈው ይሄዳሉ፤ ሲሄዱም አንዳንዱ ፎጣ፣ አንዳንዱ ማንኪያ፣ አንድ ደፋር ደግሞ የግድግዳ ሰዓት ይዞ ሄዷል። እናቷ ፊሎሜና እንግዳ በሸኘች ቁጥር፣ በአንድ እጇ እያውለበለበችና ፈገግ እያለች፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ «ሂጂ ክፍሉን እዪ» ትላት ነበር። ልጅቱም ትሮጣለች። ለትምህርት ወደ ኦስትሪያ፣ ግራትስ ከተማ ስትመጣም ይህንኑ ጠባይ ይዛ መጣች።

በተማሪዎች ማደሪያው ውስጥ አብራት የምትኖረው ካድሪ የምትባል የኢስቶኒያ ልጅ ናት። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሳቋ ሁልጊዜ ከሌላው ሰው ሳቅ ዘግይቶ የሚመጣ። ዴኦሊንዳ ይህን ሳቅ አልወደደችውም።

«መጀመሪያ የሰው ፊት ታያለች፤ ከዚያ በኋላ ነው የምትስቀው» አለቻት ለእናቷ በስልክ።

«እንዲህ ያለች ሰው ሁሉን አስልታ ነው የምትኖረው» አለች ፊሎሜና። «ዓይንሽን ግለጪ ልጄ።»

የየካቲት እረፍት ሲደርስ ግን «ባቡር ይዘን ቪየናን፣ ብራቲስላቫን፣ ቡዳፔስትን እንያቸው» ያለችው ካድሪ ራሷ ናት። ዴኦሊንዳ ሰው ሁሉ ጥሎት በሚሄድ ማደሪያ ብቻዋን መቅረት አልፈለገችም። እሺ አለች። እሺ ካለች በኋላ ደግሞ «ለምን እኔን ጋበዘችኝ?» እያለች ስትብሰለሰል አደረች።

ጣጣው የጀመረው ቪየና ላይ ነው። ቀዝቃዛው ነፋስ ፊታቸውን እየገረፈው ሰናፍጭ የተቀባ ቋሊማ መንገድ ዳር ቆመው ሲበሉ፣ ካድሪ ድንገት እጇን ጠራረገችና «ትንሽ ጉዳይ አለኝ፤ ማረፊያው እንገናኝ» ብላ ተነሣች።

«የምን ጉዳይ?»

ካድሪ ጀርባዋን ሰጥታ መንገድ ጀምራለች።

«ካድሪ! እያናገርኩሽ እኮ ነው!»

ሁለት አሮጊቶችና አንድ ውሻ ዞረው ዴኦሊንዳን አዩዋት። ካድሪ ግን አንገቷን እንኳ አላዞረችም። አመሻሽ ላይ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፣ ሹራቧ ሻማ ሻማ ይሸታል። ዴኦሊንዳ መጀመሪያ «ወንድ ነው» ብላ ደመደመች። ትንሽ ቆይታ ግን ይህ ሐሳብ አላጠግብ አላት። ወንድ ቢሆንማ ሽቶ እንጂ ሻማ ለምን ይሸታታል?

ብራቲስላቫም ቀትር ላይ ካድሪ ተሰወረች። ዴኦሊንዳ ምሳዋን፣ የነጭ ሽንኩርት ሾርባ፣ ብቻዋን ጠጥታ ወደ ማረፊያው ስትመለስ መታወቂያዋን ብትፈልግ አጣችው። ኮቷን አራገፈች፤ ሻንጣዋን ገለበጠች፤ አልጋው ሥር ተንበረከከች። የለም። ቀና ስትል ዓይኗ ያረፈው የካድሪ ቦርሳ ላይ ነው።

በሩን ዘጋችና ቦርሳውን ከፈተችው። መታወቂያው አልነበረም። ከካልሲዎቹ ሥር ግን አንዲት ክብ ሣጥን አገኘች፤ ውስጧ ምስር የሚያካክሉ ባትሪዎች፣ ከእነሱም ጋር ቀጭን ሽቦ የወጣለት፣ ባቄላ የመሰለ ትንሽ ነገር። ሁሉንም በጥድፊያ መለሰችና ወደ ደረጃው ወጥታ እናቷ ጋ ደወለች።

«እማዬ፣ የማዳመጫ መሣሪያ ደብቃ ይዛለች!»

«ማንን ልታዳምጥበት?»

«እኔን ነዋ!»

በፊሎሜና በኩል የሰሐን ኳኳታ ተሰማ። «አንቺን? አንቺ ደግሞ ምን የሚደመጥ ነገር አለሽ?»

ስልኩን ዘግታ ወደ ታች ስትወርድ እንግዳ መቀበያው ጋ ያለው ወጣት እጁን አነሣላት። «መታወቂያዎን ትናንት ሲመዘገቡ እዚህ ረስተውታል» አለና ሰጣት። ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ያርፍ ነበር። ዴኦሊንዳ ግን ልጁን አፍጥጣ አየችው። «ረስቼው ነው፣ ወይስ አሁን አምጥታ ሰጥታህ ነው?» ልጁ ትከሻውን ነቀነቀ።

ቡዳፔስት ሲደርሱ ቆርጣ ነበር። ቀትር ላይ ካድሪ «ትንሽ ጉዳይ» ስትል «ግድ የለም፣ ሂጂ» ብላ በደስታ ሸኘቻትና፣ ጥግ እስክትታጠፍ ጠብቃ ተከተለቻት። በትራም ድልድዩን ተሻገሩ፤ አንዷ ፊተኛው ፉርጎ፣ አንዷ ኋለኛው። ካድሪ ወርዳ አንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ገባች። ዴኦሊንዳም ገብታ ከምሰሶ ጀርባ ተሸሸገች።

ውስጡ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ላይ ሰገነቱ ላይ አንድ ሰው በትልልቅ ቧንቧዎች የሚጮኸውን የቤተ ክርስቲያን የሙዚቃ መሣሪያ፣ ኦርጋን፣ ይለማመዳል። ካድሪ በቀጥታ ቧንቧዎቹ ሥር ወዳለው አግዳሚ ሄዳ ተቀመጠች። ከዚያ ጫማዋን አወለቀች። እግሯን ከእንጨቱ ወለል አስደገፈች፤ መዳፏንም አግዳሚው ላይ ዘረጋች። ወፍራሙ ድምፅ ወለሉን እያንቀጠቀጠ ሲመጣ ዓይኗን ጨፈነች።

ለዴኦሊንዳ፣ ካድሪ ምልክት የምትቀበል መሰላት። ከማን? አንገቷን ብቅ አድርጋ ልታይ ስትል ክንዷን አንድ ጠንካራ እጅ ያዛት። ጥቁር ሻሽ ያሰረች አሮጊት ጠባቂ ናት።

«አንቺ ልጅ፣ ከምሰሶ ጀርባ ምን ትሠሪያለሽ?» አለች በተሰባበረ ጀርመንኛ።

«ምንም እማማ። ጓደኛዬን…»

«ምንም አትበይኝ! በቀደም ሁለት መቅረዝ ጠፍቶብናል። ቦርሳሽን ክፈቺ!»

«እኔ ሌባ አይደለሁም!»

«ሌባ ነኝ የሚል ሌባ አይቼ አላውቅም። ክፈቺ!»

ጩኸታቸውን ጣሪያው አስተጋባው። ኦርጋን የሚጫወተው ሰውዬ ሳይቀር አቁሞ በሰገነቱ አጎነበሰ። ካድሪ ግን ከጀርባዋ ያን ሁሉ ጩኸት ሳትሰማ፣ ሙዚቃው ሲቋረጥ ብቻ ዓይኗን ገልጣ ቀና አለች። ሰውዬው ወደሚያይበት ዞራ ስትመለከት፣ ዴኦሊንዳ ቦርሳዋን ለአሮጊቷ ከፍታ ቆማለች።

ያን ጊዜ ዴኦሊንዳ ሁሉም ነገር ገባት። ዘግይቶ የሚመጣው ሳቅ ገባት። ፊቷ በእፍረት ጋለ።

ደጅ ወጥተው ደረጃው ላይ ቆሙ።

«ተከተልሽኝ» አለች ካድሪ። «ቦርሳዬንም ፈትሸሻል። ሣጥኗን ካልሲ ውስጥ ከትተሽ ነው የመለስሻት፤ እኔ ከሥር ነበር ያስቀመጥኳት።»

«ድምፄን የምትቀጂ መስሎኝ ነው።»

ካድሪ አልሳቀችም። «ቀኝ ጆሮዬ ከሞተ ቆየ። ግራው ደግሞ እየተከተለው ነው። መቼ እንደሚያበቃለት ሐኪሞቹም አያውቁም። ትልልቆቹን ኦርጋኖች ጆሮዬ ጨርሶ ሳይደነቁር ልስማቸው ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ የመስሚያ መሣሪያውን ለምን አታደርጊውም?»

«የኦርጋኑን ድምፅ ያንጫጫዋል። ሰው ሲያይብኝ ደግሞ እንደ ሕፃን እየጮኸ ያናግረኛል።»

«ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ለአንቺ?» አለች ካድሪ። «ሻንጣሽን እግርሽ ላይ አስረሽ ለምትተኚው?»

የዚያኑ ቀን ካድሪ ዕቃዋን ሸክፋ ብቻዋን ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። ዴኦሊንዳ ወደ ግራትስ በሚመለሰው ባቡር ውስጥ እናቷ ሦስት ጊዜ ስትደውል አላነሣችም። ምን ብላ ትንገራት?

ትምህርት ሲከፈት አንድ ክፍል ውስጥ እንደ ባዳ ኖሩ። «ደህና አደርሽ»፣ «መስኮቱን ልዝጋው?» ከዚያ ያለፈ ንግግር የለም። ዴኦሊንዳ ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀች፤ ካድሪ ሁለቱንም ጊዜ «ሰምቻለሁ» ብላ አለፈቻት።

መጋቢት ላይ አንድ ቀን ግን ካድሪ ስልኳን ይዛ መጥታ ዴኦሊንዳ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «የጆሮ ሐኪም ቀጠሮ መያዝ አለብኝ። የስልክ ድምፅ አሁን ጨርሶ አልለይ አለኝ። አንቺ አናግሪልኝ» አለች። ሌላ የምትጠይቀው ሰው ስላጣች እንደሆነ ከአነጋገሯ ያስታውቅ ነበር።

ዴኦሊንዳ አናገረችላት። የቀጠሮው ቀን ሲደርስም «አብሬሽ ልሂድ?» አለቻት፤ ካድሪ ትንሽ አሰበችና «ነይ» አለች።

ሐኪሙ ከመረመራት በኋላ ዓይኑን ኮምፒውተሩ ላይ እንደተከለ ፈጠን ፈጠን አድርጎ ተናገረ። ካድሪ ወደ ዴኦሊንዳ ዞረች።

«ምን አለ?»

«ግራው ካለፈው ዓመት አልባሰበትም አለ።»

ካድሪ ፊቷን አተኩራ አየቻት። «ለማጽናናት ብለሽ ነው?»

«አይደለም።»

«ማይልኝ።»

«እናቴ ትሙት። ካላመንሽኝ ራሱን ጠይቂው።»

ካድሪ አላመነቻትም። ሐኪሙን እጁን ነካ አድርጋ «ይቅርታ፣ ወደ እኔ ዞረው ቀስ ብለው ይድገሙልኝ» አለችው። ሰውዬው ደነገጠ፤ ወንበሩን አዞረና አፉን ከፈት እያደረገ እንደገና ነገራት። አልባሰበትም። በመስከረም ደግማ ትምጣ።

ካድሪ ቃሉን ከከንፈሩ እስከ መጨረሻው አንብባ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ኮቷን አነሣችና «በመስከረም ሥራ አለሽ?» አለቻት ዴኦሊንዳን።