ያላባረርኳት ዝንጀሮ

ዛሬ ጠዋት ገብሳችን ውስጥ የገባችውን ዝንጀሮ ልመታ ወንጭፌን አነሳሁ። አልሸሸችም። ቆማ አየችኝ።

ደረቷ ላይ የሞተ ልጇን ታቅፋለች። ከሞተ ቀናት ሳያልፉት አልቀሩም፣ ደርቋል።

ለማታውቁኝ፦ የማታ ትምህርት ጨርሼ ይህን ራሴ ነው የምጽፈው። በጎባ ከእኔ የፈጠነ አንባቢ የለም፤ ጣቴን መስመሩ ላይ ማስኬዴን አትቁጠሩት።

ትናንት የልጄን የሳይንስ መጽሐፍ ለጎረቤታችን ለጋሽ ቶሎሳ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሰውና ዝንጀሮ ከአንድ የጥንት ዘር መጡ ይላል።

«ያ ዋቃ፣ አምላኬ! ፊደል ቆጥረህ ሳትጨርስ ዘመድ ፍለጋ ወጣህ?» አሉኝ። «እኔን ፈጣሪ በእጁ ነው የሠራኝ!»

«እርስዎን ሲሠራ መሽቶበት ነበር እንዴ?» ብዬ ሰፈሩን አሳቅኩባቸው።

ዛሬ ግን ቀልዱ ጠፋብኝ። የመጀመሪያ ልጃችን በሦስት ወሩ ሲሞት ባለቤቴ ከእቅፏ አልሰጥም አለች። በግድ የነጠቅኳት እኔ ነኝ። ዝንጀሮዋም ልክ እንደ እሷ ጭንቅላቱን በመዳፏ ደግፋ ነበር።

ወንጭፌን ጣልኩት። ገብሱን ስትበላ ቆሜ አየኋት።

ቤት ስገባ ባለቤቴ «ዛሬ ዝንጀሮ መጣ እንዴ?» አለችኝ።

«አልመጣም» አልኳት።

እሷ ገና ማንበብ አትችልም። እዚህ የጻፍኩትም ለዚህ ነው።

ከአንድ ዘር እንምጣ፣ በአንድ እጅ እንሠራ፣ አላውቅም። ማሳ የምትጠብቁ ሰዎች፣ እንዲህ ያለ ነገር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቤት ገብታችሁስ ምን አላችሁ?