እማዋይሽ በዛንዚባር

እማዋይሽ ገና በልጅነቷ አባቷን በቁመት በለጠቻቸው። አባቷ መሪጌታ ወልደ ሥላሴ ከወረታ ወጣ ብሎ፣ የርብ ውኃ ክረምት በመጣ ቁጥር ሜዳውን በሚያለብስበት ቀበሌ፣ የደብሩ የዜማ መምህር ነበሩ። ጎረቤት «ይህችን ልጅ ማን ያገባታል?» እያለ ሲያሽሟጥጥ፣ እሳቸው «ታዲያ እግዜር ያስረዘመውን እኔ ላሳጥር?» ብለው ዝም ያሰኙታል። እሷ ግን ሰው በተሰበሰበበት ጎንበስ ብላ መሄድ ለመደች። ወገቧን የምታቃናው ብቻዋን በሩዝ ማሳው ድንበር ላይ ስትራመድ ነው።

ግብርና ልትማር ወረታ ኮሌጅ በገባችበት ዓመት፣ ከጭነት መኪና ላይ ዘር ሲራገፍ፣ መሬት ላይ እንደቆመች እጇን ሰደድ አድርጋ ከላይ ያለውን ከረጢት ሳበችው። ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣው መምህር ሲሳይ በዚያ ሲያልፍ አይቶ ቆመ። በወጣትነቱ ቅርጫት ኳስ የተጫወተ ሰው ነው።

«ኳስ ነክተሽ ታውቂያለሽ?» አላት።

«በእጅ ነው በእግር?»

«በእጅ።»

«እንግዲያው ያሳዩኝ» አለች።

አሳያት። በዓመቱ፣ በ2001፣ ከክልሉ ኮሌጆች የተውጣጣ የሴቶች ቡድን ሲቋቋም ሲሳይ አሰልጣኝ ሆነ፤ እማዋይሽም ተመረጠች። የጨዋታው ዘመን ገና ሲጀመር፣ በኅዳር መጨረሻ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ኮሌጆች ዛንዚባር ደሴት ላይ ይገናኛሉ ተባለ። እማዋይሽ አውሮፕላን ያየችው ከሜዳው በላይ ሲያልፍ ብቻ ነበር።

መሪጌታ ዜናውን በእርጋታ ሰሙ። ኅዳር መጨረሻ የነቢያት ጾም ነው።

«አባ፣ ጾሙን ምን ላድርግ?» አለቻቸው።

«መንገደኛ ነሽ፤ ብትበይ የሚቆጣሽ የለም። ብትጾሚ ደግሞ ለሰው ብለሽ እንዳይሆን። ሆድሽን አንቺ ታውቂያለሽ» አሏት።

እሷም ልጹም አለች።

ደሴቲቱ ላይ እንደወረዱ ወበቁ ተቀበላቸው። ከደብረ ታቦርና ከጋይንት ደጋ የመጡት ልጆች ከጥላ ሥር ተዘረሩ። ሞቃታማው የፎገራ ሜዳ ላይ ላደገችው ለእማዋይሽ ግን ሙቀቱ አልከፋም። የከፋው ገበታው ነበር፤ አንድ ቀን ዓሣ፣ አንድ ቀን ዶሮ። እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም፤ ከዚያም በኋላ ዳቦና ሙዝ ነው። ሲሳይ ይህን ሲሰማ ጭንቅ ያዘው።

«ሳትበይ ሜዳ አላስገባሽም። ብትወድቂብኝ ለመሪጌታ ምን እላቸዋለሁ?»

«እሺ መምህር» አለች።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጣ አየችው። ተሸነፉ። ጓደኞቿ ሲያለቅሱ እሷ ውኃ አቀበለቻቸው። ማታ አልጋዋ ላይ ስትሆን ግን ይህን ሁሉ አገር አቋርጣ ወንበር ልትጠብቅ መምጣቷ ቆረቆራት።

በማግስቱ እግሯ ወዳረፉበት ግቢ ማእድ ቤት ወሰዳት። ሳልማ የምትባል ሻሽ ያሰረች ጎልማሳ ሴት ሰፌድ የመሰለ ነገር ላይ ሩዝ ትለቅማለች። እማዋይሽ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ አብራት መልቀም ጀመረች። በምን ቋንቋ ይነጋገሩ? ሳልማ ዓሣውን አሳየቻት፤ እማዋይሽ ራሷን ነቀነቀች። ዶሮውን አሳየቻት፤ ነቀነቀች። ከዚያ እማዋይሽ ወደ ፀሐይዋ ጠቁማ አፏን በእጇ ሸፈነች። ሳልማ «አሃ!» ብላ ሳቀች፤ የእሷም ጾም ከወጣ ብዙ አልሆነውም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በኮኮነት ወተት የተቀቀለ ሩዝና ባቄላ አቀረበችላት። ሲሳይ መጥቶ በር ላይ ቆመ። ልጅቱ ጥግብ እስክትል ስትበላ አየና ተመለሰ።

በሦስተኛው ቀን፣ ጨዋታው መሃል፣ ረጅሟ ተጫዋች ምኞት ቁርጭምጭሚቷ ታጠፈ። ሲሳይ ወደ ወንበሩ ዞረ።

«እንዴት ነሽ?»

«ደኅና ነኝ።»

«ካዞረሽ እጅሽን አንሺልኝ፤ እንዳትደብቂኝ።»

ገባች። መጀመሪያ ተደናበረች፤ ኳሱ ከእጇ አመለጣት፤ ተመልካቹም ሳቀ። ቀስ በቀስ ግን ከቀለበቱ የሚመለሰው ኳስ ሁሉ የእሷ ሆነ። የሌሎቹ እግር በወበቁ ሲከብድ እሷ አረም እንደምታርም ሰው አንድ ዓይነት እርምጃዋን ይዛ ቀጠለች። ሰው ፊት መጉበጧንም ረሳችው። መጨረሻ ላይ ለጓደኛዋ ያቀበለቻት ኳስ ገብቶ አሸነፉ። ሳልማ ከአጥሩ ማዶ በማማሰያዋ ቆርቆሮ ትደበድባለች።

የመጨረሻውን ጨዋታ ተሸነፉ። ዋንጫ የለም፤ ከውድድሩ ወጥተው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ቤት ስትደርስ መሪጌታ እግሯን እስክትታጠብ ጠበቁና፣ «ባሕሩ ከጣና ይሰፋል?» አሏት።

«ይሰፋል አባ። ግን ጨው ነው፤ ከብት አያጠጡበትም።»

«አይ! ታዲያ ምን ያደርጋል» ብለው አዘኑለት። ቆየት ብለውም «ምን በላሽ?» አሉ።

«አንዲት እስላም ሴት የጾም ሠራችልኝ።»

መሪጌታ ወደ እሷ ዞሩ። «ስሟ ማን ነው?»

«ሳልማ።»

«እግዜር ይስጣት» አሉ።

ቡድኑ ዳግመኛ አልተሰበሰበም፤ በጀቱ ለሌላ ዋለ። እማዋይሽ ተመርቃ ደራ ወረዳ፣ አንበሳሜ አጠገብ፣ የግብርና ባለሙያ ሆና ተመደበች። የገበሬዎች ማሰልጠኛው ግቢ ውስጥ ምሰሶ አቁማ ቀለበት ብታስርበት፣ የቀበሌው ሰዎች ምሰሶውን ለባንዲራ ፈለጉት፤ ሰጠቻቸው። አዛናው የሚባል፣ ትከሻዋ ላይ የሚደርስ መምህር፣ ላግባት ብሎ ሽማግሌ ሲልክባት፣ መሪጌታ ሽማግሌዎቹን «ልጁ አንገቱን አያመውም?» ብለው ጠየቁ። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ እማዋይሽም ከጓዳው ሆና ሳቀች።